ምዕራፍ 6፦ ጥናቱ አለቀ፤ ጽሑፉስ?

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ሄደው ሳለ አንድ ያልጠበቁት ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ማደግ የግድ ነው። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር ተገኘ ማለት የበሽታው መተላለፊያ መዝጊያ ተገኘ ማለት ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።)

እስከዚህ ድረስ ግን ነገሩ ትዝብት ብቻ ነው። ትዝብት ቡና ላይ ይወራል፣ ስብሰባ ላይ ይነሳል፤ ሌላ አገር ያለ ሰው ግን ሊፈትነው አይችልም። አክሊሉ የእንዶዱን ኃይል በቤተ ሙከራ መርምረው በ1965 አንድ አጭር ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ጆርናሉ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከ1962 ጀምሮ የሚያሳትመው ነው። የጽሑፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስለ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት የቀረበ ቅድመ ዘገባ» እንደማለት ሲሆን፣ የተክሉን ሳይንሳዊ ስምም አያይዟል።

ይህን ርዕስ ቀረብ ብለን እንየው። «ቅድመ ዘገባ» ማለቱ ሥራው ገና ጅምር መሆኑን ይናገራል። «ቀንድ አውጣ ገዳይነት» ማለቱ ስለ ተክሉ ሌላ ጠባይ እንደማያወራ ይወስናል። «እንዶድ» የሚለው ስም ለአገሬው፣ ሳይንሳዊው ስም ደግሞ ተክሉን በሌላ ስም ለሚያውቅ የውጭ ተመራማሪ ነው። ርዕሱ ብዙ አይጮህም። ቢልሃርዚያ ሊጠፋ ነው አይልም። የተገኘውን ያህል ብቻ ይናገራል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። የጆርናል ጽሑፍ የሠራነውን ሁሉ የምናስታውቅበት ሪፖርት ሳይሆን፣ ሌሎች ፈትነው እንዲቀበሉት ወይም እንዲጥሉት የምናቀርበው አንድ አባባል ነው። ከርዕስ እስከ ሸኚ ደብዳቤ ያለው ሥራ ሁሉ አባባሉን ለፈተና ምቹ ለማድረግ የሚሠራ ነው።

አንድ ጽሑፍ፣ አንድ አባባል

ብዙው ጀማሪ ወደ ጆርናል የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ነው። መቶ ገጽ ያለውን ቴሲስ ወደ አሥራ አምስት ገጽ ቆርጦ ይልካል፤ ከሳምንት በኋላም ይመለስለታል። ችግሩ የገጹ ብዛት አይደለም። ቴሲስ ተማሪው መስኩን ማወቁን ለፈታኞች የሚያሳይበት ስለሆነ ያነበበውን ሁሉ መዘርዘሩ ያስመሰግነዋል። የጆርናል አንባቢ ግን ጸሐፊውን ሊፈትን አልመጣም። ምን አዲስ ነገር እንዳለና ማስረጃው ምን ያህል እንደሚያስተማምን ብቻ ማወቅ ይፈልጋል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። «የቢልሃርዚያ ሥርጭት በአድዋ» የሚለው ርዕሰ ጉዳይ እንጂ አባባል አይደለም፤ ማንም ሊቃወመው አይችልም። «የእንዶድ ፍሬ በውሃ ሲበጠበጥ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል» የሚለው ግን አባባል ነው፤ ትክክል ካልሆነ ስህተትነቱ ይታወቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር የማይደግፍ ሰንጠረዥ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢደከምበት፣ ከዚህኛው ጽሑፍ ይወጣል።

አጭርነት ክብር እንደማይቀንስ ከሚያሳዩት አንዱ በ1953 በኔቸር ጆርናል የወጣው የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ ነው። የዲኤንኤን ጥምዝ ቅርጽ ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ጽሑፍ ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም።

ማን እንዲያነበው ነው?

ጆርናል የሚመረጠው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ነው። የቃላቱ ወሰን፣ የሰንጠረዡ ብዛት፣ የመግቢያው ርዝመት ሁሉ በዚህ ምርጫ ይወሰናሉ። የምርጫው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቱ ጆርናል ገናና ነው?» ሳይሆን «ይህን ውጤት ማን ይጠቀምበታል?» የሚለው ነው።

የእንዶድ ታሪክ እዚህም ይጠቅመናል። የ1965ቱ ቅድመ ዘገባ የወጣው ቢልሃርዚያን በየቀኑ የሚያክሙ የአገር ውስጥ ሐኪሞች በሚያነቡት ጆርናል ነበር። ከቤተ ሙከራ አልፎ በመስክ የተደረገው ሰፊ ምርመራ ደግሞ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ታተመ፤ ይህን የሚያነቡት በየአገሩ በሽታ የመከላከል መርሐ ግብር የሚነድፉ ሰዎች ናቸው። በዚያው ጊዜ አድዋ ውስጥ ለአምስት ዓመት በተካሄደው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕጻናት ላይ የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። አገር ውስጥ ማሳተም ደካማነት፣ ውጭ ማሳተም ብርታት አልነበረም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ወደሚጠቀምበት አንባቢ ሄደ እንጂ።

ተስማሚ ጆርናል ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የራስን የዋቢ ዝርዝር ማየት ነው። ደጋግመን የጠቀስናቸው ጽሑፎች የት ወጡ? እዚያ ያሉት አርታኢዎችና አንባቢዎች ጉዳዩን ያውቁታል። ቀጥሎ የጆርናሉን የዓላማና የወሰን መግለጫ ማንበብ፣ የቅርብ ጊዜ እትሞችንም ማገላበጥ ይገባል። ብዙ ጽሑፍ ገምጋሚ ሳያየው ከአርታኢው ጠረጴዛ የሚመለሰው ሳይንሱ ስለከፋ ሳይሆን የተላከው ወደማይመለከተው ጆርናል ስለሆነ ነው።

ሌላው ገንዘብ ነው። ማንም ያለ ክፍያ የሚያነባቸው ብዙ ጆርናሎች ወጪውን ከጸሐፊው ይወስዳሉ። ኔቸር ይህን አሠራር ሲጀምር ያስታወቀው ዋጋ ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ነበር። ሆኖም ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ትብብር ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ምድብ የተመዘገቡ አገሮች ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ በብዙ ጆርናሎች ከክፍያ ነፃ መሆን ይችላሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ጽሑፉ ሲገባ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘና የክፍያ ደረሰኙ ከመጣ በኋላ ብዙዎቹ ጆርናሎች አይሰሙም። አንዳንዶቹ ነፃ የሚያደርጉት የተወሰኑ ጆርናሎቻቸውን ብቻ ስለሆነም አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ገንዘብ ባለበት ነጣቂ አይጠፋም። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ጉልህ ስህተት የከተተበትን የሐሰት ጥናት አዘጋጅቶ፣ ስሙንና ዝርዝሩን እየቀያየረ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። የሙከራውንም ውጤት ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣው። የነጣቂ ጆርናል ምልክቱ ብዙ ነው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ በማያውቁት መስክ እንዲጽፉ የሚጋብዝ ኢሜይል ይልካል። በጥቂት ቀን ውስጥ አሳትማለሁ ይላል። ዋጋውን እስከ መጨረሻ ይደብቃል። ያለፈቃዳቸው ስማቸው የተለጠፈ የቦርድ አባላትም አሉት። ከመላክ በፊት ጆርናሉ በነፃ ተነባቢ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መመዝገቡን ማየት፣ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያም መጠየቅ ከብዙ ጸጸት ያድናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ለዕድገት የሚያስፈልግ ጽሑፍ እዚህ ገብቶ ከቀረ ሌላ ጆርናል ላይ ደግሞ ማውጣት አይቻልም። በዚያው ልክ፣ አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ በአብዛኛው መስክ ክልክል ነው።

ከመሃል መጀመር

አንባቢ ከርዕስ ጀምሮ ወደ ታች ያነባል፤ ልምድ ያለው ጸሐፊ ግን ከመሃል ይነሳል። መጀመሪያ ሰንጠረዦችንና ሥዕሎችን ያዘጋጃል፤ አባባሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ዘዴውን፣ ከዚያ ውጤቱን፣ ከዚያ ውይይቱን ይጽፋል። መግቢያው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ወዴት እንደሚያስገባ ሳይታወቅ በር አይሠራምና። አኅጽሮተ ጥናቱና ርዕሱ መጨረሻ ላይ ይጻፋሉ።

ከሁሉም ክፍሎች ቶሎ የሚያጋልጠው ዘዴው ነው። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር እናስብ፦ «ከጤና ጣቢያው ሕጻናት ናሙና ተወስዶ ተመረመረ።» ስንት ሕጻናት? ዕድሜያቸው? የመጡትን ሁሉ ነው ወይስ የተመረጡትን? ምን ናሙና? በምን ዓይነት ምርመራ? ይኸው ዓረፍተ ነገር ሲታረም፦ «ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወደ ጤና ጣቢያው በተከታታይ ከመጡና ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት ከሆነ ሕጻናት፣ ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸው 212ቱ የሰገራ ናሙና ሰጡ፤ እያንዳንዱ ናሙና በካቶ ካትዝ ዘዴ በሁለት ስላይድ ታይቷል።» ሁለተኛው አያምርም፤ ግን መቀሌም ሆነ ካምፓላ ያለ ሰው ሊደግመው ይችላል። ለየጥናቱ ዓይነት ምን ምን መገለጽ እንዳለበት የሚያስታውሱ ዝርዝሮችም አሉ፤ ለምልከታ ጥናቶች የተዘጋጀው ስትሮብ የተባለው መመሪያ 22 ነጥቦች አሉት። ብዙ ጆርናሎች ይህ ዝርዝር ተሞልቶ ከጽሑፉ ጋር እንዲመጣ ይጠይቃሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። እናት የልጇን የልደት ቀን የምትናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የጤና ካርዱም እንደዚያው። ተመራማሪው መረጃ የሰበሰበበትን ቀን በአውሮፓው መዝግቦ የልደቱን እንዳለ ከተወው፣ ሕጻኑ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃዎች ቀኖች የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ፋይሉን አውርዶ በቀጥታ የሚያሰላ ሰው ሳይጠነቀቅ ይሳሳታል። በጽሑፉ ውስጥም በእኛ አቆጣጠር «መስከረም 2012» ተብሎ የተጻፈ ቀን፣ ለውጭው አንባቢ መስከረም 2019 መሆኑ ካልተነገረው ጥናቱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስድበታል። ጥማድና ቁናም እንደዚሁ ወደ ሄክታርና ኪሎ መመንዘር አለባቸው፤ መጠናቸው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በጥናቱ አካባቢ ስንት እንደሆነ ተለክቶ ይጻፍ።

ውጤትና ውይይት መለያየት አለባቸው። ውጤት የታየው ነው፤ ውይይት ደግሞ የታየው ምን ማለት እንደሆነ ነው። «ከፍተኛ ልዩነት ታየ» ከማለት ቁጥሩንና የእርግጠኝነቱን ወሰን መስጠት ይሻላል፤ ከፍ ማለቱን አንባቢው ራሱ ይፍረድ። በአንድ ጊዜ ብቻ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ይህ ያንን «አመጣ» ማለት አይቻልም፤ «አብረው ታዩ» ማለት ይቻላል። የጥናቱን ውስንነት በግልጽ መናገር ጽሑፉን ያዳክመዋል ብለው የሚፈሩ አሉ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ገምጋሚው ሊያነሳው የነበረውን ጉድለት ጸሐፊው ቀድሞ ካነሳው ክርክሩ ጉድለቱ ምን ያህል ይጎዳል ወደሚለው ይሸጋገራል።

ስም፣ ድርሻና ፈቃድ

በስም ጉዳይ የፈረሰ ወዳጅነት ብዙ ነው። የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ መመሪያ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል። እነሱም በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራውም ተጠያቂ መሆን ናቸው። የክፍል ኃላፊ መሆን ወይም ተሽከርካሪ መፍቀድ ከአራቱ ውስጥ የለም፤ ቦታው የምስጋና አንቀጽ ነው። መጠይቅ ይዞ በየቀበሌው የዞረ ወጣት ደግሞ በትንተናውና በጽሑፉ እንዲሳተፍ ዕድል ሳይሰጠው «መረጃ ሰብሳቢ» ተብሎ መቅረት የለበትም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኮሚቴው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጸሐፊ ተብሎ መጠቀስ እንደማይችል፣ ከተጠቀሙበትም መግለጽ እንደሚገባ ደንግጓል፤ ማሽን ተጠያቂ ሊሆን አይችልምና። የስሞቹ ቅደም ተከተል ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ስምምነት ቢደረግበት ከብዙ ቅያሜ ያድናል።

የስማችን አሠራርም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የውጭ ማውጫዎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል፤ አክሊሉ ለማ በዋቢ ዝርዝሮች «ለማ፣ አ.» ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በአባቱ፣ ሌላ ጊዜ በአያቱ ስም ካሳተመ፣ በላቲን ፊደል አጻጻፉንም ከቀያየረ፣ ለማውጫው ሁለት ሦስት ሰው ይሆናል። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናትና ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥር ማውጣት ነው።

ሰው ወይም እንስሳ የተሳተፈበት ጥናት ሁሉ የሥነ ምግባር ፈቃድ ቁጥርና ቀን ይጠየቃል። ቀኑ መረጃ መሰብሰብ ከተጀመረበት መቅደም አለበት፤ በኋላ የሚገኝ ፈቃድ ጥናቱን አያድነውም።

ማስገባት

ዛሬ ጽሑፍ የሚገባው በኢንተርኔት ነው፤ ኤዲቶሪያል ማኔጀርና ስኮላርዋን የመሳሰሉት ሥርዓቶች ፋይሉን በየክፍሉ ይቀበላሉ። ስም ያለበት የመጀመሪያ ገጽ ለብቻ፣ ዋናው ጽሑፍ ለብቻ፣ ሥዕሎች ለብቻ። ገምጋሚው የጸሐፊውን ማንነት እንዳያውቅ የሚያደርጉ ጆርናሎች ስም በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ እንኳ እንዳይቀር ይጠይቃሉ። ከጽሑፉ ጋር ሸኚ ደብዳቤ ይላካል። እኛ አገር ሸኚ ደብዳቤ «ከዚህ ሸኚ ጋር አያይዘን ልከናል» ብሎ ይዘጋል፤ የጆርናሉ ግን ለአርታኢው አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ይህ ለምን እዚህ ይውጣ? ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ክቡር አርታኢ፣ ‹…› በሚል ርዕስ ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ለኅትመት አቅርበናል። በመስኖ አካባቢ የሚኖሩ ሕጻናት ከሕክምና በኋላ በስድስት ወር ውስጥ መልሰው እንደሚያዙ አሳይተናል፤ የአሁኑ መርሐ ግብር ግን መድኃኒት የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ጆርናልዎ ስለ ጅምላ ሕክምና ድግግሞሽ ክርክር ሲያስተናግድ ስለቆየ አንባቢዎችዎን ይመለከታል ብለን እናምናለን። ጽሑፉ ሌላ ቦታ አልታተመም፣ አልቀረበምም፤ ሁሉም ጸሐፊዎች አጽድቀውታል።»

ከዚህ የሚረዝም አያስፈልግም።

መልሱ ሲመጣ

ጽሑፍ ባለበት ሁኔታ በመጀመሪያው ዙር ሲጸድቅ እምብዛም አይታይም። የተለመደው «አርሙና መልሱ» ወይም «አልተቀበልነውም» ነው። ሁለቱም ያማሉ። አልበርት አይንስታይንንም አሟቸዋል። በ1936 ከናታን ሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገድ የጻፉትን የፊዚካል ሪቪው አርታኢ ጆን ቴት ለገምጋሚ ሰጡት፤ ገምጋሚው በብዙ ገጽ ጥያቄ መለሰ። አይንስታይን ከመታተሙ በፊት ለሌላ ሰው እንዲታይ አልፈቀድኩም ብለው ጽሑፉን አነሱና ለሌላ ጆርናል ላኩት። የገምጋሚው ነቀፋ ግን ትክክል ነበር፤ ጽሑፉ በመጨረሻ ሲታተም መደምደሚያው ተለውጦ ነበር።

ስለዚህ መልስ ከመጻፍ በፊት አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ነው። ከዚያ እያንዳንዱን አስተያየት ቁጥር ሰጥቶ፣ ቃሉን ሳይለውጥ ገልብጦ፣ ከሥሩ መመለስ። ገምጋሚው «የናሙናው መጠን እንዴት እንደተወሰነ አልተገለጸም» ቢል፣ «አስተያየቱን ተቀብለን አስተካክለናል» የሚለው መልስ ምንም አይነግረውም። «ልክ ነው፤ ስሌቱን በዘዴው ክፍል ሁለተኛ አንቀጽ፣ ገጽ 5 ላይ ጨምረናል» የሚለው ግን ቦታውን ያሳየዋል። ማድረግ የማይቻል ነገር ከተጠየቀም በትሕትና እምቢ ማለት ይቻላል፦ «ሕጻናቱን ከዓመት በኋላ መልሶ መመርመር ከጥናቱ ንድፍ ውጭ ነው፤ ይህንኑ በውስንነቱ ሥር አስፍረናል።» ገምጋሚው ነገሩን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን መልሶ ማየት ነው። የመስኩ ሰው የሳተውን ሌላው አንባቢም ሊስተው ይችላል።

ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ አስተያየቶቹን ሳያርሙ ወደሚቀጥለው ጆርናል መላክ ሞኝነት ነው። መስኩ ጠባብ ስለሆነ ያው ገምጋሚ እንደገና ሊደርሰው ይችላል።

ተቀባይነት ሲገኝ የመጨረሻው የኅትመት ረቂቅ ለእርማት ይመጣል፤ የሚሰጠውም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የሰንጠረዥ ቁጥርና አሃድ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ጆርናሉ የሚፈቅደውን ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ማስቀመጥ ይገባል፤ ኢትዮጵያ በ2019 ያወጣችው ብሔራዊ ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ናሙና ለሰጠው ቀበሌና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ውጤቱ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ ተጽፎ ሊደርሳቸው ይገባል፤ በእንግሊዝኛ የታተመው ለእነሱ አልተጻፈም።

ከታተመም በኋላ አባባሉ ከፈተና አይወጣም። አንድ ቀን ሌላ ተመራማሪ «ሰንጠረዥ 3 ላይ ድምሩ አይገጥምም» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ያን ጊዜ የጸሐፊው ሥራ መረጃውን አውጥቶ መቁጠር፣ ሰውየው ልክ ከሆነም ጆርናሉ የእርምት ማስታወቂያ እንዲያወጣ በራሱ እጅ መጠየቅ ነው። ለዚህም ጥሬ መረጃውንና የስሌቱን ፋይል ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ማስቀመጥ የሚጀመረው ጽሑፉ ሲታተም ሳይሆን የመጀመሪያው መጠይቅ ሲሞላ ነው።